ማዕበሉ የነሱ፣ ፎቶግራፉ የማን?

በ1966 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) «ዘ ኤንድለስ ሰመር» የተባለው የአሜሪካዊው የብሩስ ብራውን ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ገነነ። ሁለት የካሊፎርኒያ ወጣቶች ጣውላቸውን ታቅፈው በሴኔጋል፣ በጋና፣ በናይጄሪያና በደቡብ አፍሪካ ዳርቻዎች ማዕበል ሲጋልቡ ያሳያል። ሰርፊንግ የሚሉት ጨዋታ ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ አልክድም። ግን የጋና ልጆች በዚያ ፊልም ውስጥ ምን ሆነው ቀረቡ? ፈረንጅ ያመጣላቸውን ተአምር አፋቸውን ከፍተው የሚያዩ ተመልካቾች!

ይህ ከእውነት የራቀ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ከመምጣታቸው ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1640ዎቹ ግድም፣ ሚካኤል ሄመርሳም የተባለ ጀርመናዊ በዚያው በጎልድ ኮስት ጠረፍ ሕፃናት በጣውላ ላይ ሆነው ውሃ ውስጥ ሲገቡ አይቶ ጽፏል። ምስኪኑ ሰው ዋና የሚማሩ መስሎት ነበር። በ1834 ደግሞ ጄምስ አሌክሳንደር የተባለው ስኮትላንዳዊ መኮንን አክራ አጠገብ ልጆች ቀላል ጣውላ ከሆዳቸው ሥር አድርገው ወደ ባሕሩ ሲዘልቁ፣ ማዕበሉን ጠብቀው በላዩ ሲመለሱ ተመልክቷል። እንግዲህ ጋላቢው ከጥንትም ነበረ። ያልነበረው፣ ካሜራ የያዘ የአክራ ልጅ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ነገሩ ከቸልታም አልፎ ሕግ ሆነ። መዝናኛና መገልገያ ስፍራዎችን በዘር የለየው የ1953 ሕግ የተሻረው በ1990 ነው። ማዕበል ዘር ባይኖረውም ሕጉ ዘር አወጣለት። ማይኪ ፌብሯሪ በዓለም ሻምፒዮና ዙር ለመሳተፍ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ ሲሆን ጊዜው 2018 ነበር፤ ሕጉ በተሻረ በሃያ ስምንተኛው ዓመት!

አሁን የድሃ ሰፈር ልጆችን ወደ ባሕር ወስደው ግልቢያ የሚያስተምሩ ቡድኖች በደርባንም በኬፕታውንም አሉ። እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። ግን ለረጂዎች የሚላከውን ወረቀት ገልጠን ብናይ ምን እናገኛለን? ጥርሱን ብልጭ ያደረገ ልጅ፣ በብብቱ ጣውላ። ልጁ ፎቶግራፉ ውስጥ ነው፤ ካሜራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ሰፈር በመጣ ጎልማሳ እጅ ነው። የኔ ሙግት አጭር ነው፦ ለልጅ ጣውላ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ካሜራም ይስጠው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ማዕበል መጋለብ የቻለ ተማሪ ማዕበልን ፎቶግራፍ ማንሳትም ይችላል።

«ባሕር የሌላት አገር ጸሐፊ በማዕበል ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ1977ቱ ረሃብ (ይህ እንኳ በኛው አቆጣጠር ነው) የኮረም ሰው ፊት በዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ታየ። ያነሳው ሞሐመድ አሚን የጎረቤታችን የኬንያ ሰው ነው፤ ሥራውም ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ውለታው አይካድም። ይሁን እንጂ ለስንት ዓመት ኢትዮጵያዊ ማለት ያ ፊት ብቻ ሆኖ እንደቀረ ከኛ ወዲያ ማን ይመስክር? በሰው ካሜራ ብቻ መታየት ምን እንደሆነ ለማወቅ የግድ የባሕር በር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልለፍ። «ካሜራ ውድ ነው» ይላሉ። ነበር! ቶም ብሌክ የተባለው አሜሪካዊ በ1930 ግድም ሃዋይ ውስጥ ከማዕበሉ መሐል ሆኖ ፎቶግራፍ ማንሳት ሲያምረው፣ ውሃ የማያስገባ ሳጥን በገዛ እጁ ሠርቶ ነው የገባው። በ2004 ጎፕሮ የተባለው ትንሽ ካሜራ ገበያ ላይ ዋለ፤ የፈጠረውም ማዕበል ሲጋልብ ራሱን ማንሳት የፈለገ ወጣት ነው። ዛሬ የዚህ ዓይነት ያገለገለ ካሜራ ከጥሩ ሰርፍ ቦርድ ይረክሳል። ቦርዱን የገዛ ረጂ ካሜራው ላይ ሲደርስ ኪሱ የሚጠብበት ምክንያት አይገባኝም።

«አደገኛ ነው» የሚሉት ግን እውነት አላቸው። በ2005 ጆን ሞዞ የተባለ ባለሙያ በሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ማዕበል ሲያነሳ ሞቷል፤ ያውም ባሕሩን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው። ስለዚህ ማንም ሕፃን በመጀመሪያ ቀን ካሜራ ይዞ ወደ ጥልቁ ይግባ አላልኩም። ደርባንን የሚያውቅ ሰው ከባሕር ዳር ጀምረው ወደ ውሃው ዘልቀው የሚገቡትን ረጃጅም መተላለፊያዎች ያስታውሳል። ማዕበሉ የሚሰበረው ከጎናቸው ነው። ተማሪው እግሩ ሳይርስ፣ ያለ ረጅም ሌንስ፣ ጋላቢውን ከላይ ቁልቁል ያነሳዋል። አንድ ዓመት እዚያ ይቁም። ማዕበል በቡድን በቡድን እንደሚመጣ፣ በመሐሉ ፋታ እንዳለ፣ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረት የቱ ጋ እንደሆነ ቆጥሮ ይወቅ። ዋና ተፈትኖ ሲያልፍ እስከ ወገቡ ይግባ። የሳጥኑ የጎማ ቀለበት ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቀረች ካሜራው እንደሚሰምጥ፣ ባለሙያዎቹም መስተዋቱ ላይ የውሃ ጠብታ እንዳይቋጥር በምላሳቸው እንደሚልሱት ይማር። (ይህን ለተማሪዎች ማስተማር በጭራሽ አያስቸግርም፤ ደስ ብሏቸው ይልሳሉ።)

እኔን እጅግ የሚያብከነክነኝ ሌላ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ነጭ አረፋ ፊቱን ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ያኔ አረፋው ያምራል፣ የጥቁሩ ልጅ ፊት ግን ጥላ ሆኖ ይቀራል። አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ፣ ሳቅ የለ! ይህ በድንገት የመጣ ጉድለት አይደለም። ኮዳክ ለፎቶግራፍ ቤቶች ይልክ የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ የነጭ ሴት ምስል ነበረበት፤ «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሰው መልክ በሸርሊ መልክ እየተመዘነ ነው ስንት ትውልድ የታተመው። እንግዲህ አስተማሪው ተማሪውን፦ «መለኪያውን አትመነው፤ ብርሃን ጨምር፤ አረፋው ቢቃጠልም ይቃጠል፣ የጓደኛህን ፊት አድን» ሊለው ይገባል። ወይም ፀሐይዋ ዝቅ እስክትል ይጠብቅ፤ ያኔ እርጥብ ጥቁር ቆዳ ላይ ብርሃን እንደ ተወለወለ ነሐስ ያበራል፣ ጉንጩም ትከሻውም ቅርጽ ያወጣል። ደርባን ፊቷ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ በማለዳ ከመሬት የሚያነሳ ሰው ፀሐይ ዓይኑን ትወጋዋለች፤ ውሃው ውስጥ ሆኖ ወደ ከተማው የሚያነሳ ግን ፀሐይዋ ከጀርባው ነች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ለሁለት ሳምንት የመጣ እንግዳ ይህን እስኪለምድ የመመለሻ ትኬቱ ቀን ይደርሳል። የሰፈሩ ልጅ ግን ጥላው መቼ የት እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ጓደኛው ሊወድቅ ሲል የሚያደርገውን ፊት እንኳ ያውቃል። ታዲያ የተሻለ ፎቶግራፍ ለማንሳት ማን ይቀርባል?

«ልጁ የሚፈልገው ዳቦ ነው፣ ጥበብ ለጠገበ ነው» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ያስቆጣኛል። ድሃ ዓይን የለውም ማለት እኮ ነው! ዴቪድ ጎልድብላት በ1989፣ አፓርታይድ ገና ሳይወድቅ፣ ጆሃንስበርግ ላይ ማርኬት ፎቶ ወርክሾፕን ሲመሠርት ይህን መሳይ ተቃውሞ ቢሰማ ኖሮ በሩ ባልተከፈተ ነበር። በዚያ በር ከገቡት መካከል ዛነሌ ሙሆሊ ይገኛሉ፤ ዛሬ ሥራቸው በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች ይታያል። የምጠይቀው ይህንኑ ነው፣ በባሕር ዳር። ዳቦም ቢሆን አለበት፦ ግልቢያውን ጨርሶ ከውሃ የሚወጣ ጎብኚ የራሱን ፎቶግራፍ ለመግዛት እጁ አያጥርም።

አንድ ነገር ግን በጽሑፍ ይያዝ። ተማሪው ያነሳው ፎቶግራፍ የተማሪው ነው። በሥሩ የሚታተመው ስም የሱ ይሁን እንጂ «በፕሮጀክታችን ልጆች የተነሳ» ተብሎ አይድበስበስ። ዋናው ቅጂ በእጁ ይቅር። ድርጅቱ ራሱ ለግድግዳ ሥዕል ወይም ለእርዳታ መጠየቂያ ቢፈልገው ልጁንና ወላጁን ያስፈቅድ፣ ይክፈልም። ስንት? ከከተማ ለሚያስመጣው ፎቶግራፈር የሚከፍለውን ያህል።