ኮድ የሚጽፈው ይመሰገናል፣ የሚያነበውስ?

ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታችሁ ሙዚቃ ስትሰሙ የስልካችሁ ስፒከር ለምን እንደማይቃጠል አስባችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ወዲህ ነው። በብዙ ስልኮች ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፅ አጉሊው ቺፕ፣ ትንሿ ስፒከር ለረጅም ጊዜ ከምትችለው በላይ ኃይል መስጠት ይችላል። ቺፑን የሚያዘው ድራይቨር የሚባለው ኮድ ነው። እሱ ከተሳሳተ ስፒከሯ አለቀላት።

አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ወደ ዋናው ከርነል የሚላክ ድራይቨር ዝም ብሎ አይገባም፤ ሌሎች ሰዎች ያነቡታል፣ ይጠይቃሉ። ቺፑ ትእዛዙን ባይቀበል ኮዱ ያውቃል ወይ? ስልኩ ሲተኛ አምፕሊፋየሩ ይጠፋል ወይስ ባትሪ ሲበላ ያድራል? ሲበራ «ጧ» ብሎ ጆሮ ይመታል? መልሱ ካላጠገበ ኮዱ ይመለሳል። ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ የሚገባ ብዙ ነው።

«ይሄማ ሥራ ማጓተት ነው» የሚል አይጠፋም። ግን የተሳሳተ አፕ በአፕዴት ይስተካከላል፤ የተቃጠለ ስፒከር በአፕዴት አይድንም። ሊኑክስን በአፕል ላፕቶፖች ላይ የሚያስኬዱት የአሳሂ ሊኑክስ ሰዎች ይህ ገብቷቸዋል። የስፒከሩን ሙቀት እየገመተ ድምፁን የሚቀንስ ፕሮግራም እስኪያዘጋጁ ድረስ ስፒከሩን ዘግተው ቆይተዋል።

ችግሩ ያለው ማበረታቻው ላይ ነው። አንድ ቺፕ አምራች የራሱ ድራይቨር እንዲገባለት መሐንዲስ ቀጥሮ ይከፍላል። የሌላውን ኮድ ለማንበብስ ማን ይከፍላል? ጥቅሙ ለሁሉም ይደርሳል፣ ድካሙ ግን የጥቂቶች ነው። በኢኮኖሚክስ የነፃ ተሳፋሪ ችግር የምንለው ይሄንኑ ነው። አሁን ደግሞ ኤአይ በደቂቃዎች ኮድ ይጽፋል። ጽሑፉ ረከሰ፤ በጥንቃቄ አንብቦ «ይሄ አይሆንም» የሚል ሰው ግን ተወደደ።

እኛም ሀገር ኮድ የሚማር ወጣት የሚጠየቀው «ምን ሠራህ?» ተብሎ ነው። «የማንን ስህተት ሳይወጣ ያዝክ?» የሚለው የለም። ቀጣሪዎች ይህን ጥያቄ ቢጨምሩ ብዙ ነገር ይቀየራል። ጀማሪዎችም ብትሆኑ የሰው ኮድ ከማንበብ ጀምሩ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ። የጀማሪ ጥያቄ አንዳንዴ አዋቂው የዘለለውን ቀዳዳ ያገኛል። አባቶቻችን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያሉት ለኮድም ይሠራል።