ጆርጂያኛ ወይስ ስዋሂሊ?



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኙ ተማሪዎች ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ የውጭ ቋንቋ ተማሩ ሲባሉ ‹‹ይከብደናል›› እያሉ ሲሸሹ ይታያሉ። ይህ ስጋት ግን መሠረት የለውም። ለምሳሌ ያህል ሁለት የተራራቁ ቋንቋዎችን እንመልከት።

ጆርጂያኛ በካውካሰስ ተራሮች አካባቢ የሚነገር፣ የራሱ 33 ፊደላት ያሉት ቋንቋ ነው። ብዙ አውሮፓውያንን የሚያስቸግሩት ጠ፣ ጨና ቀ የመሳሰሉት ድምፆች ሞልተውበታል። እነዚህ ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ስላሉ ልጆቻችን ከእናታቸው ጉያ የለመዷቸው ናቸው። ድመት ‹‹ቃጣ›› ትባላለች፤ በፊደላችን ልክ እንደሚነገረው ይጻፋል። ግሱ ግን ብርቱ ድካም ይጠይቃል፤ ‹‹ማማ›› ማለትም አባት ስለሆነ ጀማሪውን ያስታል።

በስዋሂሊ ግን ማማ እናት፣ ባባ አባት ነው። ብዙ ቁጥር የሚታወቀው በቃሉ መነሻ ነው፤ መጽሐፍ ‹‹ኪታቡ››፣ መጻሕፍት ‹‹ቪታቡ›› ይባላል። ይልቁንም የሰዓት አቆጣጠሩ እንደኛው ከንጋት ይጀምራል፤ ‹‹ሳኣ ታቱ አሱቡሂ›› ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ አድርጎታል፤ የኅብረቱም ዋና ጽሕፈት ቤት ከደጃችን ከአዲስ አበባ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችን ጆርጂያኛን ለዕውቀት ፍቅር፣ ስዋሂሊን ግን ለዕውቀትም ለእንጀራም እንዲማሩ፣ ርእሳነ መምህራን በሳምንት አንድ ሰዓት ለቋንቋ ክበብ ቢፈቅዱ መልካም ነው እላለሁ።

አንድ መምህር
ከሰበታ