ከማንጠሪያው በፊት እናት ተክሉ ይመረጥ

መዓዛማና መድኃኒትነት ያላቸውን ተክሎች ስለ ማልማት ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር በተነጋገርን ቁጥር በቅድሚያ የሚነሣው የዘይት ማንጠሪያ ጉዳይ ነው። ማንጠሪያው ከየት ይገኛል? ዋጋውስ ስንት ነው? በእኛ አስተያየት ይህ ነገሩን ከመጨረሻው መጀመር ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ዘሩ ወይም ቁራጩ የተወሰደበት እናት ተክል ምን ዓይነት ዘይት እንደሚሰጥ ነው።

የዘይት ገዢ የሚከፍለው በውስጡ ላሉት ንጥረ ነገሮች ነው። የጠጅ ሣር ዘይት የሚፈለገው በሲትራል ይዘቱ ነው። በጓሮ የሚለማው ኮሰረት ዘይቱ በአብዛኛው ሊናሉል ሲሆን፣ የዱር ዘመዱ ከሴ ግን ሌላ ዓይነት ዘይት አለው። በሶብላማ ከሁሉም ይብሳል፤ መልኩ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ሊናሉል፣ በሌላው ሜቲል ቻቪኮል፣ በሦስተኛው ዩጂኖል ሊያመዝን ይችላል። አፍንጫ ልዩነቱን ቢጠቁምም መጠኑን አይናገርም። መጠኑ የሚታወቀው በቤተ ሙከራ በሚደረግ የጋዝ ክሮማቶግራፊ ምርመራ ነው።

የፎገራ ገበሬ ዝርያን በስም መጥራት ያውቃል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ወደ ሜዳው ከገባ ወዲህ ኤክስ-ጅግና በስሙ ተጠይቆ ሲዘራ ኖሯል። ኮሰረትና በሶብላ ግን በዝርያ ስም ሳይጠየቁ ከጎረቤት ጓሮ ተቆርጠው ይተከላሉ፣ ከገበያ ተገዝተው ይዘራሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም የሚያቀርቡት ሪፖርት ስንት ችግኝ እንደ ተከፋፈለ እንጂ ከየትኛው እናት እንደ ተወሰደ አይገልጽም። ይህ ሊለወጥ ይገባዋል እንላለን።

አባዛዙም በዚሁ መሠረት ይሁን። የበሶብላን አበባ ንቦች ስለሚያዳቅሉት ከዘር የሚበቅለው እናቱን ላይመስል ይችላል። ዘር የሚያዝበት መደብ ከሌላ በሶብላ ርቆ ይተከል። ኮሰረት ከተመረጠ እናት ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 3 ወይም 4 አንጓ ያለው ቁራጭ ተወስዶ፣ የታች ቅጠሉ ረግፎ፣ 2 አንጓው አፈር ውስጥ እንዲገባ በጥላ ሥር ቢተከል ልጁ እናቱን ራሷን ይሆናል። ጠጅ ሣር ከነሥሩ እየተገነጠለ ይባዛል፤ ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

የት ይተከል ለሚለው፣ ቦታው የሩዙ ማሳ እንዳልሆነ በግልጽ መናገር እንወዳለን። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ዋልካ ለሩዝ ሲስማማ የኮሰረትንና የጤና አዳምን ሥር ያበሰብሳል። ቁሐር ሚካኤልን በመሰለ ቀበሌ የሚታሰበው ቦታ ጓሮና ውኃ የማይተኛበት ከፍታ ነው፤ እዚያም ቢሆን መደቡ ከፍ ብሎ ቦይ ይውጣለት። ወንዶ ገነትና ወረታ ከባሕር ወለል በላይ ሁለቱም ወደ 1,800 ሜትር ግድም መሆናቸው አያታልለን። አፈሩ ሌላ ነው፤ በወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል የተገኘ ውጤት እዚህ ሳይሞከር አይገለበጥም።

ወደ ማንጠሪያው እንመለስ። ከ100 ኪሎ ግራም እርጥብ ጠጅ ሣር የሚገኘው ዘይት ግማሽ ኪሎ ቢደርስ ጥሩ ነው። ይህን ለማውጣት ውኃ ሲፈላ የሚውልበት ማገዶ ያስፈልጋል፤ በእኛ ሜዳ ደግሞ ዛፍ ጥቂት ነው፣ ኩበት የሚነደውም ለማሳው ፍግ መሆን ሲገባው ነው። ይህን ሒሳብ ሳያደርግ የአባላቱን መዋጮ በማንጠሪያ ላይ የሚያውል ማኅበር ዕቃው ዝጎ ዕዳው ይቀረዋል ብለን እንሰጋለን። ለመነሻ ያህል በጥላ የደረቀ ቅጠል ይበቃል። ኮሰረትን ለቅቤ ማንጠሪያ፣ በሶብላን ለበርበሬና ለሽሮ የማይፈልግ ቤት የለምና ገበያው እዚሁ ወረታ ነው። ጤና አዳም የሚያጭዱ ሰዎች ግን ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ እየቋጠረ ስለሚቆስል እጃቸውን ይሸፍኑ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ እንዳትወስደው ይነገራት።

ናሙና ለምርመራ የሚልኩ ማኅበራት ቅጠሉን ከአንድ እናት ብቻ ወስደው በጥላ ያድርቁት፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርገው የቦታውን ስም፣ የእናቱን ቁጥርና የተቆረጠበትን ቀን ይጻፉበት። ከማበቡ በፊት ወይስ ካበበ በኋላ እንደ ተቆረጠ ያልተገለጸበት ናሙና ውጤቱ ከሌላው ጋር ሊነጻጸር አይችልም።