ቡድሂዝምን ከቡድሂስቶች እንስማ

በልምምድ ላይ ሳለሁ አንዲት የታይላንድ ተወላጅ አረጋዊት ታካሚ ነበሩን። ማንነታቸውን አልጽፍም፤ የሙያ ምስጢር ነው። አልጋቸው አጠገብ ትንሽ የቡድሃ ምስል አስቀምጠዋል። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ገጥመው ጎንበስ ይሉላታል። እኔ በልቤ «ጣዖት» አልኩ፤ ቤት ውስጥ ስሰማ ያደግኩት ይህንኑ ነው። አንድ ስዊድናዊ ባልደረባዬ ደግሞ «ቡድሂዝም እኮ ሃይማኖት አይደለም፤ ጭንቀት ማስለቀቂያ ነው» አለኝ። ሁለታችንም እርግጠኞች ነበርን። ሁለታችንም ሴትዮዋን አልጠየቅናቸውም።

በኋላ አፍሬ ጠየቅኋቸው። «ፈጣሪዬ ነው ብዬ አይደለም፤ መምህሬ ነው። ስሰግድ ትምህርቱ ትዝ ይለኛል» አሉኝ። ልትጠይቃቸው የመጣችው ልጃቸው ሳቀችና «እኔ ግን ፈተና ሲደርስ እለምነዋለሁ» አለች። እናትና ልጅ፣ አንድ እምነት፣ ሁለት መልስ። የእኔም የባልደረባዬም ግምት ከሁለቱም አልገጠመም።

የቡድሃን ታሪክ ከሌላ አፍ መስማት ለአገራችንም አዲስ አይደለም። አባ እንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ የበራላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተርጉመዋል። የቤተ መንግሥት ድሎትን ትቶ የመነነው ልዑል ይዋስፍ፣ ታሪኩ ከቡድሃ ሕይወት የተነሣ ነው፤ ስሙም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ቃል በብዙ ቋንቋ ተንከባሎ የመጣ ነው። ታሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቡድሃው ክርስቲያን ቅዱስ ሆነ። መጽሐፉ ያምራል፤ ቡድሂስት ግን ቢያነበው የራሱን እምነት አያገኝበትም።

እኛ ይህንን ልንረዳ ይገባ ነበር። ጾማችንን «ቬጋን መሆን ነው» ሲሉን እናርማለን። አንድ ጎረቤታችን እናቴ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ስትሰግድ አይቶ «ሥዕል ታመልካላችሁ?» ሲለኝ ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ነበር። ያንኑ ፍርድ ነው እኔ በታካሚዋ ላይ የፈረድኩት።

ነገሩ ለነርስ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በታይላንድና በስሪላንካ በሚከተሉት የቴራቫዳ ሥርዓት መነኩሴ ሴት አይነካም፤ ከቀትር በኋላም ምግብ አይበላም። ይህን የማታውቅ ነርስ እንደ ንቀት ወይም እንደ ሕመም ምልክት ልትቆጥረው ትችላለች። ይህን ብቻ የምታውቅ ደግሞ ጃፓናዊውንም ቲቤታዊውንም በዚሁ ትለካለች። መፍትሔው አንድ ነው፦ «ለእርስዎ እንዴት ቢሆን ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ።

«አማኝ የቤቱን ጉድ አይነግርህም» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በማየንማር አንዳንድ መነኮሳት በሮሂንጋ ሙስሊሞች ላይ ጥላቻ መስበካቸውን ከውጭ የሚያይ ሰውም ሊነግረን ይገባል። ግን የውጭው ሰው ምስክር ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ተናጋሪ አይሁን። ወላጆቻችን የሚፈሩትም አይድረስብን፤ መጠየቅ እምነት መቀየር አይደለም። እኔ ጠየቅሁ እንጂ ጾሜን አልፈታሁም።

ስቶክሆልም በሚገኘው የታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1956 ከሄልዮ ደሴት በቁፋሮ የወጣ ትንሽ የነሐስ ቡድሃ አለ። በ6ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሕንድ ክፍለ አህጉር ሰሜን ምዕራብ እንደተሠራ ይታመናል። በዚያው ደሴት ከግብፅ የመጣ የነሐስ ጭልፋም ተገኝቷል። ሄዳችሁ እዩት። ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ቡድሃ ጥያቄ አይመልስም። ቫርምዶ ያለው የታይ ቤተ መቅደስ ውስጥ ግን የሚመልስ ሰው አለ። ማኅበራችን በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ቅዳሜ ጉብኝት ቢያዘጋጅ እላለሁ። ጥያቄያችንን ይዘን እንሂድ፤ ጫማ አውልቆ መግባቱን እንደሆነ ከልጅነታችን ለምደነዋል።