ማሳሰቢያ፦ ያለ አካውንት አልከፈትም ስለሚሉ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች

በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ዞን ፕሮግራሚንግ ለምትማሩ፣ ለምታስተምሩና ለምትሠሩ በሙሉ

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፈቃድ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲጠቀምበት፣ እንዲያባዛውና ለሌላ እንዲያካፍል ያስችላል። ሆኖም አንዳንድ መሣሪያዎችን ለማውረድ ወይም ለመክፈት አካውንት ማውጣት ግዴታ ሲሆን ይታያል። አካውንቱ በነጻ ቢሰጥም፣ መሣሪያው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ፈቃጁ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ይሆናል።

ኤፒአይ ለመፈተሽ የሚያገለግለው ኢንሶምኒያ በመስከረም 2016 ዓ.ም. እትም 8.0ን ሲያወጣ፣ አፕዴት ያደረጉ ተጠቃሚዎች አካውንት ካላወጡ በገዛ ኮምፒውተራቸው ያስቀመጡትን ሥራ መክፈት ተስኗቸው ነበር። ተቃውሞው ሲበረታ ባለቤቱ ኮንግ ያለ አካውንት የሚሠራበትን መንገድ መለሰ።

እኛ ዘንድ ጉዳቱ ይብሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፍቶ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሎግኢን ያለፈበት ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን መንካት አይችልም።

ስለዚህ፦

1. አካውንት ከማውጣታችሁ በፊት ያለ እሱ ለመቀጠል የሚያስችል ምርጫ መኖሩን ገጹን እስከ ታች አንብባችሁ አረጋግጡ። የፕሮጀክቱን የጊትሀብ ገጽና የሊኑክስ የሶፍትዌር ማከማቻዎችንም እዩ።

2. አካውንት ሽሽት ያገኛችሁትን ሁሉ አታውርዱ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የሆነውን የጊምፕን ድረ ገጽ ያስመሰለ የጎግል ማስታወቂያ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ሲያሰራጭ ተገኝቷል።

3. ከሲቀላም ሆነ ከሴቻ ኮምፒውተር ቤቶች በፍላሽ የተቀዳ ፕሮግራም ስትቀበሉ፣ የፋይሉን ሻ-256 ቁጥር አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር አመሳክሩ።

4. ዶከር ሀብ አካውንት የሌለውን ተጠቃሚ በአይፒ አድራሻ ስለሚቆጥር፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር የሚጠቀም ላብራቶሪ የማውረድ ኮታው ቶሎ ያልቅበታል። አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በውስጥ ኔትወርክ አከፋፍሉ።

5. አካውንት ግድ ከሆነ ራሳችሁ አውጡ፤ የይለፍ ቃሉ ከኢሜይላችሁ የተለየ ይሁን። ስትመረቁ ሊዘጋ በሚችል የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል አትመዝገቡ።

6. የሚሠራላችሁን እትም መጫኛ ፋይልና የሥራችሁን ቅጂ በሌላ ዲስክ ሳታስቀምጡ አፕዴት አታድርጉ።

የላብራቶሪ ኃላፊዎችና መምህራን፦ ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን መሣሪያ ክፈቱ። ሳይከፈት የቀረውን መሣሪያ፣ ተማሪ ሳይጀምርበት በሌላ ተኩት።