«ስንተኛ ወጣህ?»

የመንፈቀ ዓመቱ ትምህርት ተጠናቅቆ ካርድ በሚሰጥበት ሰሞን፣ ልጅ ያለበትን ቤት ደጅ የረገጠ እንግዳ ሁሉ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚያነሣት ጥያቄ አንዲት ናት፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ልጁ «አንደኛ» ካለ ነገሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። ግንባሩ ይሳማል፤ ብር ከኪስ ይወጣል፤ ወላጅም አንገቱን ቀና ያደርጋል። ምን እንደ ከበደው፣ በየትኛው ጥያቄ ላይ ሲታገል እንዳመሸ የሚጠይቀው የለም። እኔ ግን ለአንዳንድ ልጅ መሥጋት የሚገባን አንደኛ በወጣ ጊዜ ነው ባይ ነኝ።

ደረጃ የሚነግረን ልጁ ከጎኑ ከተቀመጡት አንጻር የት እንደ ቆመ ነው። ከራሱ አቅም አንጻር የት እንደ ደረሰ አይነግረንም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ከአንድ ሺህ በላይ እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም ወረርሽኙም አሉበት። ነገር ግን በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም በየዓመቱ፣ በየክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ግንባሩ ተስሟል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጎበዝ» ሲባል ኖሯል። አቅሙን የሚፈትን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠመው በዚያ የፈተና አዳራሽ ውስጥ ከሆነ፣ ጥፋቱን በእርሱ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ታዲያ ቀድሞ የሚታወቀው በምንድን ነው? የእኅቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ክስ መጣባት፤ ታወራለች፣ ጓደኞቿን ታስቃለች፣ የቤት ሥራ አትሠራም፣ ጽሕፈቷ ዶሮ የጫረው ይመስላል። ደረጃዋ አንደኛ ነበር። እኅቴ ቴሌቪዥኑን ዘጋች፤ አያቷ የሰው ዓይን ጠረጠሩ። እኔ በእንግድነት ከእነርሱ ዘንድ ሰንብቼ ነበርና ደብተሯን አገላበጥሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጽሕፈት ልቅም ያለ ነው። ከዚያ ወዲያ ፊደሎቹ እየተንጋደዱ ይሄዳሉ፤ መልሶቹ ግን አንድም አልተሳሳቱም። ትምህርቱ ያልገባው ልጅ መልሱን ይስታል፤ የሰለቸው ልጅ ግን መልሱን አግኝቶ መስመሩን ይስታል።

በዚያው ምሽት ስለ ዝናብ ሁለት ስንኝ እንድትገጥም ጠየቅኋት። በደቂቃ ውስጥ ጽፋ ሰጠችኝ። «አሁን ደግሞ ዝናብ የሚለውን ቃል ሳትጠሪ» አልኋት። ሳቀች። ከዚያም ዝም አለች። ወረቀቱን ቀደደች፤ «አጎቴ፣ ይህ አይቻልም» ብላ አኩርፋ ተኛች። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ይህን አነበበችልኝ፦

ሰማዩ ሲቆጣ ጣራችን ይዘፍናል፣
ልብስ የሞላው ገመድ ባዶውን ይሆናል።

ግጥሙን ለማወደስ አይደለም ያመጣሁት (ገመዱን ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እኔም አላስበውም ነበር)። ያስደነቀኝ ነገሩን ይዛው ማደሯ ነው። አኩርፎ የተወውን ሥራ በማግሥቱ ያለ ጠሪ ተመልሶ የሚያነሣ ልጅ፣ እስከዚያ የተሰጠው እንዳነሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ሳምንት ሙሉ ዞር ብሎ ካላየውም ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ያም ነውር የለበትም።

ይህ ዘዴ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የቅኔ ቤት ውርስ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሸጋገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። በየዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሻገሩን የሚወስነው የመምህሩ ጆሮ እንጂ የዘመን መለወጫ አይደለም። አንዱ በወራት የሚወጣውን ሌላው በዓመት ይወጣዋል። ፈጥኖ የደረሰውም አስነጋሪ ሆኖ ኋላ የመጡትን እየረዳ ራሱ ከመምህሩ እግር ሥር አይለይም።

የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተዋል። የቅኔ መምህር የነበሩት አባታቸው ግን «ሴት ናት፤ ዓይነ ስውር ናት» ብለው ከጓዳ አላስቀሯቸውም፤ ቅኔ አስተማሯቸው። እርሳቸውም በተራቸው ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። ይህን ስል የአብነት ትምህርት ቤቱን ገነት አድርጌ መሳሌ አይደለም። ረኀቡን፣ አለንጋውን፣ ቁራሽ ፍለጋ የሚያሳድደውን የመንደር ውሻ አውቃለሁ። ለአንዲት ገላነሽ ስንት ሴቶች ልጆች በሩ እንደ ተዘጋባቸውም እንዲሁ። ያ ጆሮ ግን ያስቀናኛል።

በቀድሞው ዘመን ዘመናዊው ትምህርት ቤትም «ደብል መምታት» የሚባል መንገድ ነበረው፤ ፈጣኑ ልጅ ክፍል ዘልሎ ያልፋል። እኔ እንኳ ብዙም አይማርከኝም፤ ከትልልቆቹ መካከል የገባ ትንሽ ልጅ በእረፍት ሰዓት ብቻውን ሲቆም ይታየኛል። ዛሬ ደግሞ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለው መለኪያ ራሱ በብዙ ቦታ የማይገኝ ምኞት በሆነበት አገር መምህሩን መውቀስ አልደፍርም። ሆኖም ቀልጣፋው ልጅ የሚያገኘው ዕድል የክፍል አለቃ ሆኖ የሚረብሹትን ስም ሰሌዳ ላይ መጻፍ ብቻ ሲሆን ያሳዝናል፤ ሹመት ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። ወላጁም በበኩሉ 98ቱን 100 ለማድረግ አስጠኚ ይቀጥራል። ሃያ የማባዛት ጥያቄ ለሰለቸው ልጅ አርባ መጨመር ግን ከቅጣት አይለይም። «መልሱ 24 የሚሆን አምስት ጥያቄ ፍጠሪ» ማለት ምን ያስከፍላል? ተረቱን በቃሏ ለያዘች ልጅ «እስቲ ጅቡ ራሱ እንደሚያወራው አድርገሽ ንገሪን» ማለትስ?

ስለዚህ የወላጆች ቀን ሲመጣ ካርዱን ተቀብለን ከመነሣታችን በፊት፣ «በዚህ መንፈቀ ዓመት ልጄን ያስቸገራት የቱ ነው?» ብለን መምህሯን እንጠይቅ። «ኧረ ምንም! እርሷን የሚያስቸግራት የለም» የሚል መልስ ካገኘን፣ ወንበራችንን ጠጋ አድርገን ጨዋታውን የምንጀምረው ያን ጊዜ ነው።