የኦርጋኒክ እርሻ ገንዘብና ትምህርት በማን እጅ ይሁን?

የእርሻ ዕድገት ጥያቄ ምን ጊዜም ቢሆን የዝናብና የአፈር ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም። መሬቱን የሚያለማው ዕውቀት ከየት ይመጣል፣ ዕውቀቱን በሥራ ላይ የሚያውለው ገንዘብስ በማን እጅ ይገኛል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አብሮት አለ። ዛሬ «ዘላቂ እርሻ»፣ «ኦርጋኒክ ግብርና» በሚል ስያሜ ከውጭም ከውስጥም የሚቀርበው የርዳታ ገንዘብና የሥልጠና ዕድል መመርመር ያለበት በዚሁ መስፈርት ነው። ገንዘቡ ስንት ነው ከማለት በፊት ማን ይዞታል፣ ትምህርቱ ምንድን ነው ከማለት በፊት ፕሮጀክቱ ሲያበቃ በማን ዘንድ ይቀራል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ጥያቄውን በተጨባጭ ለማየት ወለንጪቲ ተስማሚ ሥፍራ ናት። የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወለንጪቲ ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። አገራችን የምትጠቀምበት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ከገባ በኋላ ወደ መሐል አገር የሚዘልቅበት ዋነኛ መስመር ይኸው ነው። የቦሰት ገበሬ የማዳበሪያው ጭነት በደጁ ሲያልፍ ያያል፤ ዋጋው የሚቆረጠው ግን እርሱ ድምፅ በሌለው የዓለም ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያና ዩክሬን ወደ ጦርነት በገቡ ጊዜ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የተተኮሰው መድፍ በስምጥ ሸለቆ ገበሬ ኪስ ላይ እንዴት እንዳረፈ ሁሉም ያስታውሰዋል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት መፈረሙ ይህን ጥገኝነት ለመቀነስ የታለመ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ፋብሪካ ዩሪያ ይሰጣል እንጂ የተሟጠጠ አፈርን ሕይወት አይመልስም፤ ዝናብም አያዘንብም።

ቦሰት ዝናቡ የሚያታልል ቆላማ አገር ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ቦሎቄ የሚዘራው ገበሬ ማዳበሪያውን በብድር ወስዶ ዝናቡ ሲቋረጥበት ሰብሉን ያጣል፤ ዕዳው ግን አብሮ አይደርቅም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተዘረጋው የምግብ ዋስትና የሴፍቲኔት ፕሮግራም የመጣው እንዲህ ባሉ ወረዳዎች ረኃብ የዓመት ልማድ እየሆነ በመሄዱ ነው። ስለዚህ እርጥበትን የሚይዝ፣ ኪሳራን የሚቀንስ፣ በብድር ላይ ያልተንጠለጠለ የእርሻ ዘዴ ለዚህ ገበሬ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የጭላሎ ትምህርት

ገንዘብና ትምህርት በራሳቸው ሁሉንም ያበለጽጋሉ የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ከአዋሽ ባሻገር ያለው የጎረቤታችን የአርሲ ታሪክ በግልጽ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ»፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የእርሻ ትምህርት ይዞ መጣ። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። የስንዴ ምርትም በእርግጥ አደገ። ሆኖም መሬቱ የባለመሬቱ ስለነበረ የዕድገቱ ፍሬ ወደ ባለመሬቱ ሄደ። እርሻ አትራፊ መሆኑን ያየው ባለመሬት ትራክተር እየገዛና እየተከራየ ጭሰኛውን ከመሬቱ አፈናቀለው። ትንሹን ሰው ለመርዳት የመጣ ገንዘብ ትንሹን ሰው ነቀለው ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አፈረሰ። ይህ ማለት ግን የጭላሎ ትምህርት አበቃለት ማለት አይደለም። ዛሬ ገበሬው ከመሬቱ በተጨማሪ ሌሎች ሦስት ነገሮች በእጁ ሊገቡ ይገባል፤ እነርሱም ዘሩ፣ የምስክር ወረቀቱና ዕውቀቱ ናቸው። እነዚህ በሌላው እጅ ካሉ ኦርጋኒክ የተባለው እርሻም ሌላ ዓይነት ጭሰኝነት ሊሆን ይችላል።

ከራሳችን የተገኘ ልምድ

ደግነቱ ዕውቀቱ ሁሉ ከውጭ የሚጠበቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ተቋም በትግራይ ከጥቂት የገበሬ መንደሮች ጋር ሥራ ጀመረ። ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ቦረቦርን መገደብና ልቅ ግጦሽን በመንደሩ በራሱ ሕግ መከልከል የሥራው ዋና ዋና ክፍሎች ነበሩ። ለዓመታት በተወሰደው የምርት ልኬት መሠረት ኮምፖስት የለበሱ ማሳዎች ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ከተደረገባቸው ጋር እኩል፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሰጥተዋል። የልምዱ ቁም ነገር ግን ከምርቱ መጠን ይልቅ አሠራሩ ነው፤ የግጦሹን ሕግ ያወጣውም ያስከበረውም የመንደሩ ሕዝብ ነበር።

ዶክተር መላኩ ወረደ ደግሞ ዘርን የገበሬው ሀብት አድርገው በማየት ሠሩ። በዚሁ በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬ የተቋቋመው የማኅበረሰብ የዘር ባንክ የዚህ አስተሳሰብ ፍሬ ነው። አባሉ ዘር ይበደራል፤ ሲያመርት ከነጭማሪው በዘር ይመልሳል። ባንኩ በዘመናዊ ዝርያዎች ተገፍተው ሊጠፉ የነበሩ የአገር ስንዴ ዓይነቶችን ወደ ማሳ መልሷል። በዚህ ዓይነት ብድር ውስጥ ገንዘብ የለም፤ ገበሬው ግን ባለ ካፒታል ነው።

በወለንጪቲ አጠገብም እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ማዕከሉ ለቆላ የሚስማሙ እንደ አዋሽ-1 እና አዋሽ መልካ ያሉ የቦሎቄ ዝርያዎችን፣ ቶሎ የሚደርሱ የበቆሎ ዝርያዎችንና የዝናብን ውኃ በትልም ውስጥ የማቆር ዘዴን አውጥቷል። ቦሎቄ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ በሥሩ የሚያከማች ሰብል ስለሆነ ከበቆሎ ወይም ከጤፍ ጋር ሲፈራረቅ ራሱ የማዳበሪያ ምንጭ ነው። ይህ ዕውቀት ከገበሬው ደጅ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ይገኛል። የሚያስፈልገው ገበሬው እንደ እንግዳ ተጋብዞ የሚያዳምጠው ሥልጠና ሳይሆን በየቀበሌው ማሠልጠኛ ማዕከል ራሱ የሚሞክረው፣ የሚለካውና የሚፈርደው ትምህርት ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ያሉ የጥጥ አምራቾች በፓን ኢትዮጵያ አስተባባሪነት በመስክ ትምህርት ቤት ተሰብስበው ጠቃሚና ጎጂ ነፍሳትን ለይተው ማወቅን ተምረዋል፤ ፀረ ተባይን ትተው ለኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የበቁትም በዚህ መንገድ ነው።

ሒሳቡን ሳንሸሽ

ነገር ግን ጉዳዩን በምኞት ማየት አይገባም። አንድ የ50 ኪሎ ግራም ዩሪያ ከረጢት 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። ደህና ኮምፖስት ከደረቅ ክብደቱ 1 በመቶ ያህል ናይትሮጅን ቢኖረው ያንኑ መጠን ለማግኘት 23 ኩንታል ያህል ደረቅ ኮምፖስት ያስፈልጋል፤ እርሱም የሚለቀው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው። ኮምፖስቱ በፋንታው አፈሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ያስይዛል፤ ዩሪያ ይህን አያደርግም። ቢሆንም ይህን ሁሉ ኩንታል የሚቆልል፣ የሚያገላብጥና ወደ ማሳ የሚሸከም ጉልበት ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው በሴቶች ጀርባ ላይ ነው። የጤፍ ጭዱን ከብቱ ይበላዋል፣ ጭቃ ቤትም ይመረግበታል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ የእንጨት ምትክ የለምና። የማገዶ ጥያቄ ሳይፈታ «ኮምፖስት አዘጋጁ» ብሎ ማስተማር እሳቱን ሳያስቡ ወጥ ሥሩ እንደማለት ነው።

በትእዛዝ የሚመጣ ለውጥም ምን እንደሚያስከትል ዓለም አይቷል። የስሪላንካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 የሰው ሠራሽ ማዳበሪያን ማስገባት በአንድ ጊዜ ከለከለ። ገበሬው አልተዘጋጀም፣ በቂ ኮምፖስትም አልነበረም። የሩዝ ምርት ወደቀ፣ ሻዩም ተጎዳ፤ ክልከላው ዓመት ሳይሞላው ተነሣ። ስለዚህ በቦሰት የሚያዋጣው መንገድ የደረጃ በደረጃ መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ውኃና አፈርን ማቆየት፣ ቦሎቄንና ሌሎች ጥራጥሬዎችን ማፈራረቅ፣ ከጓሮ ጀምሮ ኮምፖስትን ማስፋት፣ የሰው ሠራሽ ማዳበሪያውንም አፈሩ ባገገመ መጠን መቀነስ።

የምስክር ወረቀቱ ጉዳይ

አገራችን ስለ ኦርጋኒክ ግብርና ሕግ ያወጣችው ቀደም ብላ ነው፤ የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት ሆኖታል። ይሁን እንጂ ለውጭ ገበያ የሚጠየቀው ምስክር ወረቀት በገዢዎቹ አገሮች ሕግ የሚመራ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት በየዓመቱ የሚዘራ ሰብል የ2 ዓመት፣ እንደ ቡና ያለ ቋሚ ተክል ደግሞ የ3 ዓመት የሽግግር ጊዜ ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ ገበሬው በአዲሱ ዘዴ እየደከመ ምርቱን በድሮው ዋጋ ይሸጣል። እንግዲህ ርዳታም ሆነ ብድር በእርግጥ የሚፈለገው በእነዚህ ዓመታት ነው። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ ደንብ ደግሞ በቡድን የሚወጣ ምስክር ወረቀት ከ2,000 ያልበለጡ አባላትና የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ላለው ቡድን ብቻ እንዲሰጥ ያዛል።

ይህ ደንብ ትንንሹን አምራች የሚያስጨንቅ ወጪ አምጥቷል። ሆኖም በውስጡ አንድ ሊሠራበት የሚገባ ነጥብ አለ፤ መሠረታዊው ማኅበር ራሱ የምስክር ወረቀቱ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ በላኪ ነጋዴ ስም ሲወጣ ገበሬው ለዚያ ነጋዴ ብቻ ለመሸጥ ይገደዳል፤ በማኅበሩ ስም ሲወጣ ግን ገዢውን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የኦርጋኒክ ቡናን በቀጥታ ለውጭ ገዢ በማቅረብ ይህ የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። በመቂና በባቱ፣ በሉሜና በአዳማ ያሉት የገበሬ ዩኒየኖችም ለአትክልትና ለእህል መሠረቱ አላቸው።

የከተማው ነዋሪና የሠራተኛው ድርሻ

ጉዳዩ የገበሬው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የአዳማ ወይም የወለንጪቲ ነዋሪ ካለ ተሳስቷል። በስምጥ ሸለቆ መስኖ ማሳዎች ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በተደጋጋሚ ፀረ ተባይ ይረጭባቸዋል። መርዙን በጀርባው ተሸክሞ፣ ብዙ ጊዜ ጓንትና መሸፈኛ ሳይኖረው የሚረጨው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ቲማቲሙን ገዝቶ የሚበላውም ሠራተኛ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዋጅ በማሳ ላይ የሚከበረው ግን የተደራጀ ተቆጣጣሪ ሲኖረው ነው።

ከተማው ደግሞ ገበሬው የሚያጣውን ነገር በየቀኑ ይጥላል። የአዳማ የገበያ ልጣጭና ቅጠላ ቅጠል፣ የወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ የአገዳ ጭማቂ ሲጣራ የሚቀረው ዝቃጭ፣ የከብት ማድለቢያው እበት ሁሉ የአፈር ምግብ ነው። ኩባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት ታገኘው የነበረው ነዳጅና ማዳበሪያ ሲቋረጥባት የከተማ ነዋሪዎችዋ በየሠፈሩ ባዶ ቦታ በኮምፖስት አትክልት ማልማት ጀመሩ። ችግር ያስገደደው ቢሆንም ሥራው በሠፈር ኅብረት የተከናወነ ስለነበር ሥር ሰደደ።

ከዚህ አንፃር የሚከተሉት ተግባራት ለሠፈር ማኅበራት፣ ለዕድሮችና ለሠራተኛ ማኅበራት የቀረቡ ናቸው።

አንደኛ፣ ደረቅ ቆሻሻ ከየቤቱ ተለይቶ እንዲወጣና የሚበሰብሰው ክፍል በተደራጁ ወጣቶች ኮምፖስት ሆኖ ለገበሬ ማኅበራት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ፕላስቲክና ጠርሙስ የተቀላቀለበት ኮምፖስት ማሳ ያበላሻልና ሥራው የሚጀምረው ከማጀት ነው።

ሁለተኛ፣ ዕድሮችና የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበራት ከገበሬ ማኅበራት ጋር ቀጥታ የግዢ ውል መግባት ይችላሉ። ለቅርብ ገበያ የአውሮፓን ምስክር ወረቀት መጠበቅ አያስፈልግም። ገበሬዎች እርስ በርስ፣ ሸማቾችም አብረዋቸው ማሳውን እየጎበኙ የሚያረጋግጡበት የአሳታፊ ማረጋገጫ ዘዴ በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ ወጪውም አነስተኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም የርዳታ ፕሮጀክት ወደ አካባቢው ሲመጣ ማኅበራት አራት ጥያቄዎችን በአደባባይ ሊያቀርቡለት ይገባል። ከበጀቱ ምን ያህሉ ለስብሰባና ለአበል፣ ምን ያህሉ ለማሳ ይውላል? ከሠልጣኞቹ ስንቱ ሴቶች ናቸው? ምስክር ወረቀቱና ዘሩ በማን ስም ይመዘገባሉ? ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሥራውን የሚቀጥለው ማን ነው? የአፍሪካ ኅብረት ኦርጋኒክ እርሻን አስመልክቶ ካሳለፈው ውሳኔ ተከትሎ በስዊዘርላንድና በስዊድን ገንዘብ አገራችንን ጨምሮ በ8 አገሮች የተካሄደው የኦርጋኒክ ግብርና እንቅስቃሴ የመሰለ ዕድል ዳግም ሲመጣ እነዚህ ጥያቄዎች ተዘጋጅተው ሊጠብቁት ይገባል።

አራተኛ፣ የውጭ ገንዘብ ማሟያ እንጂ መሠረት እንዳይሆን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከየዓመቱ ትርፋቸው ለአፈርና ለትምህርት የሚውል ድርሻ በጉባኤ ወስነው ሊይዙ ይገባል። ፕሮጀክት የጊዜ ገደብ አለው፤ የማኅበር ቁጠባ ግን አባላቱ እስካሉ ድረስ ይኖራል።

በጭላሎ የመጣው ገንዘብ ብዙ፣ ዕውቀቱም ትክክለኛ ነበር፤ የጎደለው የተጠቃሚው ባለቤትነት ነው። ዛሬ መሬቱ በገበሬው እጅ ነው፣ ዕውቀቱ በመልካሳና በኤጀሬ አለ፣ የአፈሩ ምግብ በአዳማ ቆሻሻ ውስጥ ተጥሏል፣ ገበያውም የሠራተኛው ወጥ ቤት ነው። እነዚህን የሚያገናኝ ድርጅት ካልተፈጠረ የሚመጣው ገንዘብ እንደ ማዳበሪያው ጭነት በወለንጪቲ አውራ ጎዳና ያልፋል እንጂ አይራገፍም። ማራገፍ የተደራጁ ገበሬዎች፣ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ተግባር ነው።